የበር መዝገብና የሠራተኛ ገመና

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ትንሽ የሚመስል፥ ነገር ግን ሲመረመር የሚሰፋ አንድ ጥያቄ ማስረዳት ነው። ሠራተኛ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ባጁን በበሩ ላይ ያስነብባል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መዝገብ ለምን ጉዳይ ሊያገለግል ይገባዋል? ለምሳሌ የምንወስደው የዩናይትድ ስቴትስ ፌዴራል መንግሥትን ነው፤ በዚያ አገር ጉዳዩ በሕግ ተጽፏል፥ በፍርድ ቤትም ክርክር ተደርጎበታል፥ በጉዳትም ተፈትኗል። በሌላ መንገድ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ወደ አሜሪካ ከመሻገራችን በፊት ግን ራሴ ያየሁትን ላስቀድም። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዋናው በር ዘበኛው ዘንድ አንድ ደብተር ነበር። ከግቢው የሚወጣ አዳሪ ተማሪ ስሙን፥ የወጣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይጽፍበታል። የተነገረን ምክንያት ማታ ስንቆጠር የጎደለ ልጅ ቢኖር ፈጥኖ ለመፈለግ ነው ተብሎ ስለ ነበር ማንም አልተቃወመም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ደብተሩ የጠባይ ማርክ ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ወጥቶ የተገኘ አንድ ጓደኛችን ዘዋሪ ነው ተብሎ ማርኩ ተቀነሰበት። ልጁ ይወጣ የነበረው ሐኪም ቤት የተኛችውን እናቱን ለመጠየቅ ነበር። ደብተሩ ሐሰት አልጻፈም፤ ሰዓቱ ሁሉ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ለአንድ ጥያቄ የተጻፈውን መልስ ለሌላ ጥያቄ መስጠቱ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የዚህ ደብተር ታሪክ በትልቅ መልኩ ነው ለማለት ይቻላል።

ባጁ እንዴት እንደ መጣ

ኤፕሪል 19 ቀን 1995 በኦክላሆማ ከተማ አንድ የፌዴራል ሕንፃ በፈንጂ ተመትቶ 168 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በወጣ ጥናት የፌዴራል ሕንፃዎች እንደሚያሰጋቸው አደጋ መጠን በአምስት ደረጃ ተከፈሉ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላም ቁጥጥሩ ይበልጥ ጠበቀ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ባጅ ያወጣ ስለ ነበር፥ አንዳንዱን አስመስሎ መሥራት ቀላል ነበር። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ኦገስት 27 ቀን 2004 ባወጡት 12ኛው የአገር ውስጥ ጸጥታ መመሪያ፥ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለኮንትራት ሠራተኞች ሁሉ መታወቂያው በአንድ ደንብ እንዲሠራ አዘዙ። ዝርዝሩ ደንብ በፌብሩዋሪ 2005 ወጣ።

በዚህ ደንብ መሠረት የተሠራው ካርድ በላዩ ፎቶግራፍ፥ በውስጡም ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ አለው። በቺፑ ውስጥ የባለቤቱ መለያ ቁጥርና የሁለት ጣቶቹ አሻራ ይገኛሉ፤ ባለቤቱም የሚያውቀው የምስጢር ቁጥር አለው። ካርዱ የሚሰጠው የሰውየው ያለፈ ኑሮ ከተጣራ በኋላ ነው።

እንግዲህ በአንድ ባጅ ዙሪያ ሦስት ዓይነት መረጃ ይከማቻል። አንደኛው በካርዱ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ካርዱን ለመስጠት ሲባል ስለ ሰውየው የተጠየቀውና የተጻፈው ፋይል ነው። ሦስተኛው ካርዱ በተነበበ ቍጥር በኮምፒዩተር የሚመዘገበው መስመር ነው፤ ይኸውም የካርዱ ቁጥር፥ በሩ፥ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ በሩም ተከፍቶ ወይም ተከልክሎ እንደ ሆነ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰው ቅጽ ሞልቶ፥ አሻራውን ሰጥቶ የሚያውቃቸው ናቸው። ሦስተኛው ግን ባለቤቱ ሳያስበው በየቀኑ ያድጋል። ከመዝገቡ አንድ መስመር ብቻ ቢወሰድ ምንም አይናገርም። የዓመት መስመሮች ተሰብስበው ሲነበቡ ግን ሰውየው መቼ እንደሚገባ፥ ከማን ጋር ተከታትሎ እንደሚገባ፥ ክሊኒኩ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ቢሮ በካርድ የሚከፈት በር ካለውም ስንት ጊዜ እንደ ሄደ ይናገራሉ። በር እንዲጠብቅ የቆመው መሣሪያ ሳይታሰብ የሰው ዕለታዊ ኑሮ ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ መዝገቡ የሚናገረው የትኛው ካርድ የትኛውን በር እንደ ከፈተ ብቻ ነው። ባልደረባውን ተከትሎ የገባ ሰው በመዝገቡ አይታይም። በብዙ ስፍራ ካርድ የሚነበበው ሲገቡ እንጂ ሲወጡ ስላልሆነ፥ ማለዳ ገብቶ ወዲያው የወጣና እስከ ማታ የሠራ ሰው በመዝገቡ እኩል ናቸው። ስለዚህ ለጸጥታ በቂ የሆነው መዝገብ ለሥራ ትጋት ምስክር ሲሆን ጎዶሎ ምስክር ነው።

ሕጉ የሚለውና ክፍተቱ

በ1973 ለአሜሪካ የጤና፥ የትምህርትና የማኅበራዊ ኑሮ መሥሪያ ቤት የቀረበ የኮሚቴ ጥናት፥ በኮምፒዩተር ስለሚያዙ የግል መዝገቦች አምስት መሠረታዊ ደንቦችን አቀረበ። በአጭሩ፥ በምስጢር የሚኖር የሰዎች መዝገብ አይኑር፤ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውንና የሚውልበትን ጉዳይ ያውቅ፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ አይዋል፤ ሰው ስሕተቱን ለማረም ይችል፤ መዝገቡን የያዘው ክፍልም መረጃው ትክክል መሆኑን ያረጋግጥ፥ ያላግባብ እንዳይሠራበትም ይጠንቀቅ የሚሉ ናቸው። በዚህ መሠረት የ1974ቱ የግል ምስጢር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ሕጉ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ስለ ሰዎች የሚይዘውን መዝገብ በይፋ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ነገር ግን ሕጉ በርካታ ቀዳዳዎች አሉት። በመጀመሪያ የሚጠብቀው የአሜሪካን ዜጎችና በቋሚነት እንዲኖሩ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ነው፤ በጊዜያዊ ፈቃድ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው ከጥላው ውጭ ነው። ሁለተኛ፥ በሕጉ የሚጠበቀው መዝገብ በስም ወይም በመለያ ቁጥር እየተፈለገ የሚወጣው ነው። ሦስተኛ፥ በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ላለ ባለሥልጣን መረጃው ለሥራው ካስፈለገው የሠራተኛው ፈቃድ ሳይጠየቅ ይሰጠዋል። አራተኛ፥ መሥሪያ ቤቱ መደበኛ አገልግሎት ብሎ አስቀድሞ ላሳወቀው ጉዳይ መረጃውን ወደ ውጭ ለመስጠት ይችላል። ከሦስተኛው ቀዳዳ እንደምንረዳው ደብተሩ ከዘበኛው ጠረጴዛ ወደ ማርክ ሰጪው ጠረጴዛ ለመሄድ ከግቢው መውጣት አያስፈልገውም።

መዝገቡ የሚቆይበት ጊዜም ሌላው ነገር ነው። በፌዴራል የመዛግብት ደንብ መሠረት የገቢዎች መዝገብ እጅግ ከፍተኛ ጥበቃ በሚደረግላቸው ስፍራዎች 5 ዓመት፥ በሌሎቹ 2 ዓመት ሲሞላው እንዲወገድ ተወስኗል፤ ሆኖም ለሥራ ካስፈለገ ከዚያ በላይ እንዲቆይ ይፈቀዳል። እዚህ ላይ የጸጥታ ሰዎች ተገቢ መልስ አላቸው፤ ስርቆት ወይም ጥቃት ቢደርስ በዚያ ቀን የገባውን ለማወቅ መዝገብ ያስፈልጋል ይላሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት መዝገቡን ለተወሰነ ጊዜ ለማቆየት ይበቃል እንጂ ለሁልጊዜ ለማከማቸት አይበቃም።

የናሳ ሠራተኞች ክስ

አዲሱ የባጅ ደንብ ሲመጣ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና በሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የሚሠሩ 28 ሰዎች በ2007 ክስ አቀረቡ። ላቦራቶሪው የናሳ ሲሆን የሚያስተዳድረው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ሆነ፥ ከሳሾቹ የኮንትራት ሠራተኞች ነበሩ። የተቃወሙት በሩ መጠበቁን አልነበረም። በመግቢያ ባጅ ምክንያት ስለ አደንዛዥ መድኃኒት ሕክምናቸው መጠየቃቸውንና፥ ለሚያውቋቸው ሰዎች ወሰን የሌለው ጥያቄ መላኩን ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2011 ለመንግሥት ፈረደ፤ በችሎቱ የተቀመጡት ስምንት ዳኞች ሁሉ በውጤቱ ተስማሙ። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ የግል መረጃን ምስጢርነት ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም የሚለውን አልወሰነም፤ ይጠብቃል ብለን ብናስብ እንኳ ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፥ መልሶቹም በ1974ቱ ሕግ ይጠበቃሉ አለ። ጥበቃው ምናልባት ሊፈርስ ይችላል ተብሎ ብቻ የመረጃ አሰባሰቡ ሊከለከል አይገባም ሲልም ጨመረ።

ያ ምናልባት የተባለው ነገር ከአራት ዓመት በኋላ ደረሰ። በ2015 የፌዴራል የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መዝገቡ እንደ ተሰረቀ አስታወቀ። ያለፈ ኑሯቸው ከተጣራባቸው ፋይሎች የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወስዶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 1.8 ሚሊዮኑ ራሳቸው ሥራ ያልጠየቁ፥ በአብዛኛው የአመልካቾች ባሎች ወይም ሚስቶች ናቸው። የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች የጣት አሻራም አብሮ ሄደ። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፤ ጣት ግን አይለወጥም። እርግጥ የተሰረቀው የበር መዝገብ ሳይሆን የማጣሪያው ፋይል ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሕግ ለሌላ አትስጥ ብሎ ያዥውን ሊያዝ ይችላል፤ ሌባውን ግን አያዝም። የማይሰረቅ መዝገብ ያልተሰበሰበው ወይም በጊዜው የተወገደው ብቻ ነው።

መቍጠርና ስም መጥራት

የበር መዝገብን ለሌላ ጉዳይ ማዋል ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በ2023 የኮንግሬሱ የሒሳብና የሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ከ24 ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች 17ቱ ከዋና ሕንፃቸው በግምት ከሩብ በማይበልጠው ብቻ እንደሚገለገሉ ገለጸ። ለዚህ ዓይነቱ ግምት የባጅ መዝገብ ጥሩ ምንጭ ነው፤ የባዶ ሕንፃ ኪራይና ጥገና የሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነም ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ስንት ሰው ገባ? የሚለውና እገሌ ገባ ወይ? የሚለው ከአንድ መዝገብ የሚወጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የፌዴራል ሠራተኞች በሙሉ ጊዜ ወደ ቢሮ እንዲመለሱ በፕሬዚዳንቱ ከታዘዘ ወዲህ፥ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር የሚጋብዘው ምክንያት በርትቷል። አንድ አለቃ መገኘትን ለመቆጣጠር መብት አለው፤ ነገር ግን ለዚያ ሲል የተዘጋጀ፥ ሠራተኛው የሚያውቀውና ሊያርመው የሚችለው የሰዓት መቆጣጠሪያ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሕንፃዎች የዘበኛው ደብተር ስፍራውን ለካርድና ለአሻራ ማንበቢያ እየለቀቀ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያረጋግጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ የሚያዝ ነው። (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መምጣቱ መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን አዋጁ በበሩ ላይ የሚሠራው መሣሪያውን የሚገዛው መሥሪያ ቤት ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ በጽሑፍ ሲወስን ነው። እነዚህም መዝገቡ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ፥ ማን እንደሚያየው፥ መቼ እንደሚጠፋ፥ ሠራተኛውም ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዴት እንደሚያይ ናቸው።

ባጅ በር ላይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ይግባን? ይላል። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ሥራው በአብዛኛው አልቋል። የጓደኛዬ ማርክ በኋላ አልተመለሰለትም፤ የዘበኛውን ደብተር የሚጠይቅ እንጂ እሱን ራሱን የሚጠይቅ አልነበረም።