ግስበት

ግስበት ማለት ግዝፈት (መጠነ ቁስ) ያላቸው ነገሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡበት የተፈጥሮ ክስተት ነው። ከእጅ የተለቀቀ ድንጋይ ወደ መሬት የሚወድቀው፣ ጨረቃ መሬትን፣ መሬትም ፀሐይን የምትዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቃሉ አጠቃቀም

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ስበት» ከ«ሳበ» የመጣ ሲሆን፣ ይህ ግሥ ለብዙ ነገር ያገለግላል፦ በሬ ሞፈር ይስባል፣ ማግኔት ብረት ይስባል፣ ጥሩ ወሬም ጆሮ ይስባል። በፊዚክስ ግን ግስበት የሚባለው ከግዝፈት የሚመነጨው መሳሳብ ብቻ ነው። ማግኔት እንደ ጫፉ ሊስብም ሊገፋም ይችላል፤ በሁለት ግዙፍ ነገሮች መካከል ያለው ግስበት ግን ይስባል እንጂ አይገፋም። «የመሬት ስበት» ቢባልም የምትስበው መሬት ብቻ አይደለችም። ድንጋዩም መሬትን በእኩል ጉልበት ይስባታል፤ የመሬት ግዝፈት እጅግ ትልቅ ስለሆነ ግን እንቅስቃሴዋ አይታወቅም።

የኒውተን ህግ

አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ የግስበት ጉልበት ከሁለቱ ነገሮች ግዝፈት ብዜት ጋር ያድጋል፣ በመካከላቸው ካለው ርቀት ስኩዌር ጋር ደግሞ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አልበርት አይንስታይን በ1915 እ.ኤ.አ. ግስበትን የጠፈርና የጊዜ መጉበጥ አድርጎ ገለጸው። ለአብዛኛው የምህንድስና ሥራ ግን የኒውተን ህግ ዛሬም በቂ ነው።

ግዝፈትና ክብደት

ገበያ ላይ የአንድ ኩንታል ጤፍ «ክብደት 100 ኪሎ ነው» ይባላል። በፊዚክስ 100 ኪሎግራም ግዝፈቱ ነው፤ ክብደቱ፣ ማለትም መሬት እሱን የምትስብበት ጉልበት፣ 980 ኒውተን ገደማ ነው። ኩንታሉ ጨረቃ ላይ ቢወሰድ ጤፉ አይጎድልም፣ ግዝፈቱም ያው 100 ኪሎግራም ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ 162 ኒውተን ይወርዳል። በሞላ የሚሠራ ሚዛን እዚያ 16.5 ኪሎ ገደማ ሲያሳይ፣ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ግን መመዘኛ ብረቱም አብሮ ስለሚቀል 100 ኪሎ ያሳያል።

የተለመደ ስህተት

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት «ግስበት ስለሌለ» ነው ሲባል ይሰማል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ባለበት 400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን የመሬት ግስበት በምድር ገጽ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ጣቢያውና ሰዎቹ መሬትን እየዞሩ አብረው ስለሚወድቁ ወለሉ እግራቸውን አይገፋውም፤ ስለዚህ ክብደት አይሰማቸውም። ግስበት ባይኖር ኖሮ ጣቢያው መሬትን መዞር ትቶ በቀጥታ መስመር ይሄድ ነበር።