ሁለት የማይታዩ ጨረሮች፣ አንድ አረንጓዴ ብርሃን

መርካቶ ውስጥ አምፖል ሳይሞከር አይገዛም። ሻጩ መሞከሪያው ላይ ያበራል፣ ገዢው አይቶ ይከፍላል። ያንን ብርሃን የሚሰጡት ግን ስማቸው በገበያው የማይነሳ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በተጠማዘዘው ቆጣቢ አምፖል ውስጥ ቀዩ የዩሮፒየም፣ አረንጓዴው የተርቢየም ነው፤ በነጩ ኤልኢዲ ላይ የሚታየው ቢጫ ሽፋን ደግሞ ሴሪየም አለበት። ሦስቱም «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» ከሚባሉት ወገን ናቸው።

ጠባያቸውን በዓይን ማየት ይቻላል። የቆጣቢ አምፖሉን ነጸብራቅ በአሮጌ ሲዲ ላይ ቢመለከቱ ቀለማቱ ተያይዘው አይመጡም፤ የአምፖሉ ቅርጽ አንዴ በቀይ፣ አንዴ በአረንጓዴ ለየብቻ ይታያል። ምክንያቱም ብርሃኑን የሚሰጡት ኤሌክትሮኖች ያሉት በንጥረ ነገሩ አዮን (ኤሌክትሮን ባጣው አቶም) ውስጠኛ ክፍል ነው፤ የውጭዎቹ ከበው ይጋርዷቸዋል። ስለዚህ አዮኑ የትኛውም ክሪስታል ውስጥ ቢገባ ቀለሙ እምብዛም አይለወጥም። ሴሪየም ይለያል፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ብርሃኑ ሰፊ ነው።

ቀለሙ ባይለወጥም ድምቀቱ ግን በክሪስታሉ ላይ የተመሠረተ ነው። የክሪስታል አቶሞች ሁልጊዜ ይርገበገባሉ፤ አዮኑ የያዘውን ጉልበት ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ሙቀት የሚለውጥበት ይህ ንዝረት ነው። ፍሎራይድ በሚባሉት ክሪስታሎች ላይ ንዝረቱ ደካማ ነው፤ የንዝረቱ ጉልበት ከመስታወት ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። አዮኑ ጉልበቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይዞ መቆየት የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህ መቆየት አስደናቂ ነገር ያስገኛል። ይተርቢየምና ኤርቢየም በተጨመረበት የሶዲየምና የኢትሪየም ፍሎራይድ ላይ የሞገድ ርዝመቱ 980 ናኖሜትር የሆነ፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ሲያርፍ ዱቄቱ አረንጓዴ ያበራል። ይተርቢየም እንደ መርካቶ ተሸካሚ ነው፤ ጨረሩን ተቀብሎ ለኤርቢየም ያቀብላል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይደግማል። ኤርቢየም የመጀመሪያውን ይዞ ከጠበቀ፣ የሁለቱ ጉልበት ተደምሮ 540 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ኦዜል ይህን የጉልበት ቅብብል በ1966 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። እኔ ከዚህ የበለጠ ውብ የብርሃን ሥራ አላውቅም።

ይኸው ነገር ከማይክሮሜትር በቀጠነ ሽፋን ላይም ይሠራል። እነዚህ አዮኖች የተጨመሩበት ላንታነም ፍሎራይድ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ተንኖ መስታወት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከባዱ ነገር ንጽሕናው ነው፤ እርጥበት ወይም ኦክስጅን ከገባበት ንዝረቱ ይበረታል፣ ብርሃኑም ይደክማል።

ኤርቢየም መስታወት ውስጥ ሌላ ሥራ አለው። የመርካቶ ነጋዴ ከዱባይ ወይም ከጓንጁ አቅራቢው ጋር በስልክ ሲደራደር፣ መልእክቱ በባሕር ሥር ኬብል 1550 ናኖሜትር በሚጠጋ ብርሃን ይጓዛል። ብርሃኑ መንገድ ላይ ሲደክም የሚያበረታው ኤርቢየም ያለበት ፋይበር ነው። ይህ ማጉያ በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተሠራ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በርካሽ የሚሸጠው አረንጓዴ የሌዘር መጠቆሚያ ውስጡ ሌላ የዚህ ቤተሰብ አባል፣ ኒዮዲሚየም አለበት። የማይታይ የ808 ናኖሜትር ጨረር ኒዮዲሚየሙን ያነቃቃዋል፤ እሱም 1064 ይሰጣል፤ ሌላ ክሪስታል ያንን ወደ 532፣ ወደምናየው አረንጓዴ ይለውጠዋል። ማጣሪያ ከሌለው ግን የማይታዩት ጨረሮችም አብረው ይወጣሉ። ዓይን ያላየውን ጨረር ፈርቶ አይከደንም፤ ጉዳቱ ሳይታወቅ ይደርሳል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አረንጓዴ ሌዘር ለልጅ መጫወቻ ብላችሁ አትግዙ።