የበርሜሉ ዋናተኞች

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ልጅ አስከትሎ ነፍሳት ፍለጋ መውጣት ቀልድ ይመስላል። ሣር የለ፣ ጅረት የለ፤ የአምቡሊ ወንዝ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ልጅ ቀርቶ ፍየሉም ከጥላ አይወጣም። ደግነቱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጓሮ በርሜል፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ ካላችሁ ሊታይ የሚገባው ፍጡር እዚያው ሊኖር ይችላል። ቢምቢ ናት።

ሊታይ የሚገባው ያልኩት የምሬን ነው። ቢምቢን የምናውቃት ማታ ጆሯችን ሥር ስታፏጭ ነው፤ ልጅነቷን በውሃ ውስጥ እንዴት እንደምታሳልፍ ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሳይከደን ከከረመ በርሜል በጭልፋ ቀድታችሁ ነጭ ሳህን ውስጥ ጨምሩት። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ እየተጣጠፉ የሚዋኙ እጮች ካሉ ወዲያው ይታያሉ። ልጁ እጁን ከሳህኑ በላይ ያሳልፍ። ጥላው ሲያርፍባቸው ተያይዘው ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ አየር ሲያጥራቸው ደግሞ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ይህን ጨዋታ ሃያ ጊዜ ቢደጋግመው አይሰለቸውም።

ሲረጋጉ አቀማመጣቸውን እዩ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ ጅራታቸው ጫፍ ላይ ባለች ቱቦ እየተነፈሱ ይንጠለጠላሉ። እነዚህ ወባ አያስተላልፉም፤ የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ግን ከእነሱ ወገን ናት። ቱቦ የሌላቸው ደግሞ ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክለው እንደ ስንጥር ጋደም ይላሉ። የወባ ትንኝ እጮች እነዚህ ናቸው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ፣ ሰውነታቸው ሳይገለበጥ ጭንቅላታቸውን ብቻ አዙረው ከውሃው ገጽ ምግባቸውን ይለቅማሉ። «እኔም ልሞክር» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ አንገቱን ጠብቁለት።

ጭንቅላቷ ገዘፍ ብሎ ጅራቷ የታጠፈ ካገኛችሁ ፑፓ ናት። መብላት አቁማለች፤ በሁለት ሦስት ቀን ክንፍ አውጥታ ትበራለች። እዚህ አገር ባለው ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ በዐሥር ቀን ገደማ ያልቃል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ወባ ሲባል የሚታየን ቆላው፣ የክረምት ማግሥትና ያቆረ ኩሬ ነው። የጅቡቲዋ የወባ ቢምቢ ግን ሌላ ናት። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ አገሯ ደቡብ እስያና የዐረብ ልሳነ ምድር ነው። ከተማ ትወዳለች፣ ዝናብ አትጠብቅም፣ ለመጠጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ትራባለች። የጅቡቲ ውሃ ከፊሉ ከእኛው አዲጋላ አካባቢ በቧንቧ የሚመጣ ነው፤ ውሃ ልከን ቢምቢ ተቀበልን ማለት ይቻል ይሆናል። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73 ሺህ በለጠ። በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያቷ እሷው ነበረች።

የሚነክሱት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ ደም የሚፈልጉት ለእንቁላላቸው ነው። ወንዱ በአበባ ማር ይኖራል፤ አንቴናው እንደ ላባ የተንዠረገገ ስለሆነ ልጅም ይለየዋል። በግንቦት 2024 አምቡሊ ሰፈር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንድ ቢምቢዎች ሆን ተብሎ ተለቀዋል። ኦክሲቴክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ዘረመላቸውን ስለለወጠው ሴት ልጆቻቸው ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይሞታሉ። ቢምቢን በቢምቢ ማለት ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለልጅ ሲነገር ከተረት አያንስም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። «ጠርሙስ ውስጥ እናሳድጋት» የሚለውን ልመና አትስሙ። ጨዋታው ሲያልቅ ውሃውን የጋለ አሸዋ ላይ ድፉት፤ እጮቹ ደረቅ መሬት ላይ አይተርፉም። በርሜሉን በየሳምንቱ ውስጡን ፈትጋችሁ እጠቡ። ክዳኑን የሚገጥመው ግን ልጁ ይሁን።