የልጃገረዶች ትምህርት ቤትና የቤተ ሰብ ድርሻ

ስለ ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመምህሩና የመጽሐፉ ነገር ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ጊዜ ልንናገር ወደድን፤ ይኸውም አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ደጅ ወጥታ በማግሥቱ እስክትመለስ ድረስ ያለው ሰዓት በምን ያልፋል የሚለው ነው። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን በአዲስ አበባ ከተማ በስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘውን የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መርጠናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ካስከፈቱ ወዲህ የመኳንንቱ ወንዶች ልጆች ቋንቋና ሒሳብ የሚማሩበት ስፍራ አገኙ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተጨመረ። እኅቶቻቸው ግን በቤት ቀሩ። ከነርሱም መካከል በቤቷ መምህር ተቀጥሮላት ዳዊት የደገመች አልጠፋችም፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የገቡም ነበሩ። ዳሩ ግን እቴጌ መነን ለልጃገረዶች ብቻ የሚሆነውን ትምህርት ቤት ያቆሙት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ነውና፣ ሴቶቹ ወንዶቹን ተከትለው እስኪደርሱ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ።

የዚህ ትምህርት ቤት ታላቁ ነገር በግቢው የሚያድሩ ተማሪዎችን መቀበሉ ነው ብለን እናምናለን። ይህንንም የምንለው የቤቶቻችንን ልማድ ስለምናውቅ ነው። የትልቅ ሰው ልጅ የሆነች እንደ ሆነ የሚያገለግላት ሰው ባታጣም፣ እንግዳ በመጣ ቊጥር እጅ እንድትነሣ ትጠራለች፤ ዘመድ ሲታመም ልትጠይቅ፣ ለቅሶ ሲሆን ልታስተዛዝን ከእናቷ ጋራ ትሄዳለች፤ ዕድሜዋም ገና ዐሥራ አምስት ሳይሞላ ሽማግሌዎች ደጅ ይቆማሉ። የድኻ ልጅ የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ታናሽ ወንድሟን ማዘል የርሷ ነው። ወንድሟ በዚያው ቤት ተቀምጦ ሲያነብ ተነሥ የሚለው የለም። በአዳሪ ቤት ግን የኹለቱም ልጃገረዶች ማታ የራሳቸው ነው።

ይህ ማታ ምን እንደሚያፈራ ለማየት የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። የከንቲባ ገብሩ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ በአውሮፓ ተምረው የተመለሱ ናቸው። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋራ ነበሩ፤ ተይዘውም በኢጣልያ አገር አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በመጀመሪያ በደሴ አስተማሩ፣ ቀጥሎም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። በዚያም ልጃገረዶቹ የሚጫወቱትን ቴአትር ራሳቸው ይደርሱ ነበር። በከተማው የቴአትር መድረክ የሴቱን ፋንታ ወንድ ጥብቆ ለውጦ በሚጫወትበት ዘመን፣ ልጃገረዶች ቆመው በሰው ፊት መናገራቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ቃል በቃል ማጥናትና ከጓደኛ ጋራ መለማመድ ሰዓት ይፈልጋል፤ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቷ የምትሮጥ ልጅ ይህን ሰዓት ከየት ታገኘዋለች? ወይዘሮ ስንዱም በ1950 ዓ.ም. ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ትምህርት ቤቱ «የካቲት 12» ተባለ፤ ይህም በ1929 ዓ.ም. በዚያ ዕለትና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ በግፍ የተገደሉት የሚታሰቡበት ስም ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ የከተማዋ ልጃገረዶችም አብረው ወጡ። ልጁን ከሰፈር አሳልፎ ያልላከ ወላጅ ኹሉ ያን ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የቀይ ሽብር ወራት በዚህ ገጽ አንዘረዝረውም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረውን ልጁን ያጣ ቤት በአዲስ አበባ ብዙ ነው።

በቅርብ ዓመታት ትምህርት ቤቱ የእቴጌ መነንን ስም መልሶ ይዞ ለልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል። እኛ ደስ የተሰኘነው ይልቁንም በአዳሪነቱ ነው። ነገር ግን አንድ ግቢ ስንት ልጅ ይይዛል? የቀሩት የከተማችን ተማሪዎች ማታ ማታ ወደየቤታቸው የሚገቡ ናቸው።

የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ኹለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ ከተፈተኑት 896 ሺህ ያህል ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ጥፋቱን ኹሉ በወላጆች ላይ አንጭንም፤ ጦርነትም ነበር፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረትም አለ፣ ቀድሞ የተለመደው መኰራረጅም በዚያ ዓመት ተከልክሏል። ሆኖም መንግሥት የማይሠራው፣ ቤት ብቻ የሚሠራው አንድ ነገር ቀርቷል። እናት ቡናውን ልጅቱ ካጠናች በኋላ ብታስፈላ፣ አባትም ወንድሟን ውሃ ቅዳ ቢለው፣ እንግዳም ቢመጣ «ታጠናለች» ቢባል ማንም አይቀየምም። ለአንዲት ልጅ በቀን ኹለት ሰዓት ከተለቀቀላት በዓመት ከሰባት መቶ ሰዓት ይበልጣል።

ያ ፈተና የተሰጠው በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር፤ ስልክ ይዞ መግባት ስለ ተከለከለ ልጆቹ እዚያው እያደሩ ለቤታቸው ድምፅ ሳያሰሙ ሰነበቱ። ለብዙዎቹ ልጃገረዶች ምጣድና እንስራ ሳይጠብቃቸው መጽሐፍ ይዘው ያመሹበት የመጀመሪያው ሳምንት ያ ሳይሆን አይቀርም።