ቡችላ ገዛችሁ፤ ሐኪሙስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ ማግኘት ቀላል ነው። መንገድ ዳር አቅፈው የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ቴሌግራም ላይም ፎቶው ከነዋጋው ይለጠፋል። “ተከትቧል ወይ?” ስትሉ መልሱ ሁሌም “አዎ፣ ሙሉ” ነው። “እስቲ ካርዱን” ስትሉ ግን ወሬው ይቀየራል። ለእኔ ሐኪም ቀን ጽፎ ያልፈረመበት ክትባት እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጠረው።

ዋናው ጣጣ ሐኪም ፍለጋው ነው። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና በአብዛኛው የቆመው ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ነው፤ የብዙ ሰው ኑሮ እነሱ ላይ ስለሆነ አይገርምም። የውሻዬን የቡቺን ሐኪም ስልክ ያገኘሁት ራሱ ወተት ከምንገዛቸው እናት ነው። “ላሞቼን የሚያይልኝ ልጅ ውሻም ያያል” አሉኝ። ስለዚህ ጎግል ማፕ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ ላም የሚያረቡ ጎረቤቶችንም ጠይቁ።

ልጁ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ መጣ። ይቺን ልብ በሉ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። በኪሱ ይዞ የመጣ ካጋጠማችሁ በትህትና ሸኙት። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ከመርፌው የመንገዱ በለጠ። በዓመቱ ጎረቤቶቼን አስተባብሬ ሦስት ውሾችና አንዲት ድመት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አስከተብን፤ የመንገዱን ለአራት ተካፈልን። ዕድር ለመሆን ድንኳን ብቻ ነው የቀረን።

“ሰው መታከሚያ ባጣበት አገር ለውሻ ሐኪም?” ያለችው እናቴ ናት። እውነት አላት፣ አልተከራከርኳትም። ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለቡቺ ብቻ አይደለም፤ ግቢያችን ውስጥ ከእሱ ጋር ሲላፉ የሚውሉ አምስት ሕፃናት አሉ። ይሄ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚታየው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። “ውሻው ያብድ እንደሆነ እንይ” ተብሎ አይጠበቅም። ገንዘብ ከጠበባችሁ ሌላው ይቅር፣ ይቺ መርፌ አትቅር። ወረዳ ያለውን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም የክትባት ዘመቻ መቼ እንዳለው ጠይቁ።

ቡችሎችን የሚጨርሰው ደግሞ ፓርቮ ነው፤ ያስታውካል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል። ክትባቱ በ6 ወይም 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። አንዴ ከያዘው ግን ለቀናት ግሉኮስ ነው፤ ያኔ ሂሳቡን አትጠይቁኝ።

ከሰው ፋርማሲ “ግማሽ ፍሬ ስጡት” የሚባለውንም ተዉት። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ይልቅ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ለሐኪሙ ላኩለት፣ የእንስሳውን ክብደት ንገሩት፤ ዋጋውንም ከመጀመሪያው ጠይቁ። እኛ ይሉኝታ ይዞን ሳንጠይቅ ቆይተን ኋላ ተበድረን እንከፍላለን። “ያለኝ ይሄን ያህል ነው፣ የትኛው ይቅደም?” ማለት ነውር የለውም። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ካለ ሌላ ፈልጉ።

ከበድ ላለ ነገር፣ ለምሳሌ ለቀዶ ሕክምና፣ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ውሻ የሚጭን ሹፌር ማግኘት ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ወንበሩ ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ጋቢ እንደያዛችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።