ተጠርጣሪና ጥፋተኛ አንድ አይደሉም

አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ፊደል ቆጥራችሁ ጋዜጣ ለማንበብ በቅታችኋል። ዛሬ የምናነባቸው ቃላት የፖሊስ ጣቢያና የፍርድ ቤት ቃላት ናቸው። ብዙዎቹን በጆሯችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ዳኛ፣ ዋስ፣ ምስክር፣ ሙግት የሚባሉትን እኔ ለእናንተ አላስተምርም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰው ባለበት ቀጥ ብሎ በሚቆምበት አገር ነው ያደጋችሁት። የሚያስቸግሩት በወረቀት ላይ ተጽፈው የሚመጡት ናቸው።

እንግዲህ አንድ በሬ ጠፋ እንበል። ሌሊት ከበረት ተፈትቶ ተወስዷል። ባለቤቱ ጧት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል። ይህ አቤቱታ ነው። ፖሊሱ ይጽፋል፤ ሰው ይጠይቃል፤ ዱካ ይከተላል። ይህ ምርመራ ይባላል። በምርመራው መሐል የአንድ ሰው ስም ይነሣል። ያ ሰው በዚያች ሰዓት ምን ተብሎ ይጠራል? ሌባ? አይደለም። ወንጀለኛ? አይደለም። ተጠርጣሪ ነው። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ተ-ጠ-ር-ጣ-ሪ። ጥርጣሬ ከሚለው የመጣ ነው። ሰው ጠረጠረው ማለት ነው እንጂ አደረገው ማለት አይደለም።

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይላካል። ዐቃቤ ማለት ጠባቂ ነው፤ ሕግ ጠባቂ እንደ ማለት። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው ይበቃል ካለ ክስ ጽፎ ለፍርድ ቤት ያቀርባል። ያን ጊዜ የሰውየው መጠሪያ ይለወጣል፤ ተከሳሽ ይሆናል። አሁንም ጥፋተኛ አይደለም። ዳኛው ምስክር ሰምቶ፣ ማስረጃ መዝኖ፣ «ጥፋተኛ ነህ» ብሎ ሲፈርድ ብቻ ነው ጥፋተኛ የሚባለው። ማስረጃው ካልበቃ በነጻ ይሰናበታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል።

እኛ ግን በየመንደራችን ምን እናደርጋለን? ሰውየው በፖሊስ ሲወሰድ ባየን በዚያው ቀን «ሌባው» እንለዋለን። ሚስቱ ውኃ ስትቀዳ አንገቷን ትደፋለች። ልጁን እረኞቹ ይሸሹታል። በደቦ የሚጠራው ይጠፋል። ከወር በኋላ በነጻ ተሰናብቶ ቢመለስም ያ ስም አይለቀውም። በሬውን ሌላ ሰው ወስዶት ቢገኝስ? ስሙን ማን ይመልስለታል?

ድሮ ይህ ልዩነት አልነበረም ለማለት ይቻላል። ስለ ሌባሻይ ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ራሱን ስቶ ይሮጣል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ አለቀ። ምስክር አልቆመበትም፤ ቃሉንም የጠየቀው የለም። አውጫጭ ደግሞ የአገሩን ሰው በአንድ ሜዳ ሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ከእርሻውና ከቤቱ ያስቀረው ነበር። በአውጫጭስ ቢያንስ ሰው ይነጋገርበታል። ሌባሻይን ግን ፍርድ ብዬ ልጠራው አልችልም። መጠርጠርና መፈረድ በአንድ ሩጫ ያልቁበታል።

የሕጉ ስም ራሱ ተለውጧል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ስሙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ደግሞ የወንጀል ሕግ ይባላል።

ወደ በሬያችን እንመለስ። በሬው ከእጅ የወጣበት መንገድ የወንጀሉን ስም ይለውጠዋል። ሌሊት ከበረት ተፈትቶ ከተወሰደ ስርቆት ነው። መንገድ ላይ ጠመንጃ ደግነው ከነዱባችሁ ውንብድና ነው፤ ይህ ይከብዳል። ለእርሻ ወቅት አምናችሁ የሰጣችሁት ሰው ወስዶ ከሸጠው ደግሞ እምነት ማጉደል ይባላል። ሦስቱም ወንጀሎች ናቸው። እህል ተበድሮ መክፈል ያቃተው ሰው ግን በዚህ ብቻ ወንጀለኛ አይሆንም። እሱ ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ይባላል፤ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ይጠይቁታል እንጂ «እሰሩልኝ» አይባልም።

አሁን ጠንከር ብላችሁ የምታነቡት መጣ። ሰው ሲያዝ ቃሉን ስጥ ይባላል። ቃል ማለት እዚህ ላይ ተናግሮ የሚያስጽፈው ነገር ነው። ሲያልቅ «ፈርም» ይባላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ምን ላይ እንዳተመ አያውቅም። እናንተ ግን ታነባላችሁ። ስለዚህ ወረቀቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩና ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ቢዘገይባችሁም አትፈሩ። «አላየሁም» ያላችሁት «አየሁ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ይታረምልኝ በሉ፤ ሳይታረም አትፈርሙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ለምን እንደ ተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ዝም የማለት መብትም አለው ይላል። ተገዶ እንዲያምን አይደረግም። በግድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ አይሆንም። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚፈጀው የመንገድ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ የገጠር መንገድ ሩቅ ነውና።

ብዙ ጠብ ያስነሡ ሁለት ቃላት አሉ፤ «በዋስ ተለቀቀ» እና «በነጻ ተለቀቀ»። በሬው የጠፋበት ሰው ተጠርጣሪውን ገበያ ላይ ሲያየው ደሙ ይፈላል። «ጉቦ ተበልቶ ነው የለቀቁት» ይላል። ዱላም ያነሣል። ቆይ፤ ሰውየው በዋስ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ዋስትና ማለት በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ብሎ ሰው ወይም ገንዘብ ማስያዝ ነው። ክሱ አልቀረም። በነጻ ተለቀቀ ማለት ግን ዳኛው አይቶ ወንጀሉ አልተረጋገጠበትም ብሏል ማለት ነው። ዱላ ያነሣው ሰውም በዚያው ዱላ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል።

መጥሪያ ሲመጣም እንዲሁ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ነበረና አዛውንቶቹ መጥሪያን ያውቁታል። ወረቀቱን ስታዩ አትደንግጡ፤ በምን እንደ ተጠራችሁ ፈልጉ። «ምስክር» ይላል? ወይስ «ተከሳሽ»? ምስክር ሆኖ ተጠርቶ ጫካ የሚገባ ሰው በከንቱ ራሱን ያስጠረጥራል። ምስክርም ያየውንና የሰማውን ብቻ ይናገር። አውቆ በሐሰት መመስከር ራሱ ወንጀል ነው። «ወፍ ነገረኝ» የሚባለውም ማስረጃ አይሆንም።

ቅጣትን በአጭሩ እንለፈው። ቀላል እስራት እንደ ደንቡ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይደርሳል፤ ሕጉ ለይቶ በጠቀሰው ወንጀል ዕድሜ ልክም አለ። በፍርዱ ያልተስማማ ሰው ይግባኝ ይላል፤ ጉዳዩን ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይወስዳል ማለት ነው። ይግባኝ የቀን ገደብ አለው። የፍርዱ ግልባጭ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምታነቡት ቀኑን ይሁን።