የጤና መረጃ በማን እጅ ነው?

በሕክምና ሥራ ላይ ስለሚውል ዲጂታል መሣሪያ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ዕቃው ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ከተገዛና መስመሩ ከተዘረጋ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሸከመው የሰው ምስጢር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ መረጃውን ማን ይሰበስባል፣ ማን ያየዋል፣ ስሕተት ሲገኝ ማን ያርመዋል፣ ያለ አግባብ ቢወጣስ ማን ይጠየቅበታል የሚለው ነው። የመረጃ አስተዳደር ማለትም ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ ማበጀት ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመረዳት የጎንደርን አካባቢ ተመልከቱ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። ኮሌጁ ዛሬ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይኸው ተቋም ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዳባት ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖሩትን ሰዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ማስመዝገብ ጀመረ።

በአንድ ቤት ሰው ሲሞት መዝጋቢው ወደ ሐዘንተኞቹ ይሄዳል። ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረ፣ ስንት ቀን እንደ ቆየ፣ ትኩሳት ወይም ሳል እንደ ነበረ ይጠይቃል፤ ሐኪሞችም መልሱን መርምረው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። ብዙ ሰው በየቤቱ በሚሞትበት አገር ይህ ዘዴ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ ልጇን የቀበረች እናት ያን ሁሉ የምትናገረው ቃሏ የሠፈር ወሬ እንደማይሆን አምና ነው። እምነቷ አንድ ጊዜ ከፈረሰ መዝጋቢው በሌላ ቀን የሚጠብቀው የተድበሰበሰ መልስ ነው። የተድበሰበሰ መልስ ደግሞ የቱንም ያህል ዘመናዊ በሆነ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢገባ አይጠራም።

በገጠር ጤና ኬላዎችም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማን እንደ ተከተበ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች በየቤተሰቡ ማኅደር ትጽፋለች። ማኅደሩ ከወረቀት ወደ ታብሌት መዛወር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወረቀቱ በነበረ ጊዜ ምስጢሩን የሚጠብቀው የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ነበር፤ በታብሌቱ ያለው ግን በቅጽበት ተባዝቶ ሩቅ አገር ሊደርስ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን የመደበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታብሌቱ ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ የሚይዝ፣ ኔትወርክ ሲገኝ የሚልክ ሆኖ ተዘጋጅቷል። ከሊማሊሞ በታች ባሉት ገደላማ ቀበሌዎች ያለዚህ ሥራ አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ ልብ በሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ የወረቀቱን መዝገብ የጣለ ጤና ኬላ በምን ይሠራል? የወረቀት መዝገብ ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን የሚዘነጉ ይመስለናል።

ከየጤና ተቋሙ የሚሰበሰበው ቁጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራና በነጻ በሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ፈጥኖ ያደርሳል እንጂ እውነተኛ አያደርገውም። (ቁጥር ማስዋብ በወረቀቱም ዘመን የነበረ ልማድ ነው።) በመዝገብ ላይ የተከተቡት ሕፃናት 12 ሆነው ሳለ ሪፖርቱ 20 ቢል፣ ስምንቱ በወረዳው ዘንድ እንደ ተከተቡ ይቆጠራሉ፤ ፈልጎ የሚሄድላቸውም አይኖርም። ኩፍኝ ሲገባ ግን አይምራቸውም። ስለሆነም የጤና ተቋማት በየወሩ ከሪፖርቱ ጥቂት ቁጥሮችን በዕጣ እያወጡ ከመዝገቡ ጋር እንዲያመሳክሩ በአሠራር ተደንግጓል። ይህንንም ሥራ የሚሠራው መዝገቡን ገልጦ የሚቆጥር ሰው ነው።